ክብደታችን የት ላይ ያርፋል? የጫማ ሰፊው የፌራጋሞ ሕይወት

ጫማ ሲያመን የምንወቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ነው። ነገር ግን በልካችን የተገዛ ጫማም ውሎ ሲያድር እግር ያቃጥላል። ይህ ለምን እንደሚሆን አጥብቆ የጠየቀ አንድ ኢጣሊያዊ ጫማ ሰፊ ነበረ። ታሪኩ ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ስላለ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ በ1898 በደቡብ ኢጣሊያ ቦኒቶ በምትባል መንደር ከ14 ልጆች 11ኛው ሆኖ ተወለደ። ወላጆቹ ድኾች ቢሆኑም ጫማ ሰፊነትን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ስለ ነበር ከለከሉት። እርሱ ግን በዘጠኝ ዓመቱ፣ እኅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቈርብ የምታደርገውን ነጭ ጫማ በአንድ ሌሊት ሠርቶ ቢያሳያቸው ፈቀዱለት።

ገና በጉርምስናው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ለሲኒማ ተጫዋቾች ጫማ ይሰፋ ጀመር። ጫማው ዓይንን እያስደሰተ እግርን ማሳመሙ ዕረፍት ስለ ነሣው፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰውን አካል አሠራር ተማረ። በዚያም የቆመ ሰው ክብደት እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ በውስጥ እግር ጎድጓዳ ላይ እንደሚወርድ ተገነዘበ። የዘመኑ ጫማ ግን ያን ስፍራ ባዶውን ትቶ ተረከዝንና የጣቶችን ሥር ብቻ ይደግፍ ነበር። ታኮው ከፍ ባለ መጠንም ሸክሙ ወደ ጣቶቹ ሥር ይገፋል። በቀጭን ገመድ ዕቃ ያነገተ ወዛደር ትከሻው ይቈረጣል፤ በሰፊ ማንገቻ ሲይዘው ግን ሸክሙ ሳይቀንስ ሕመሙ ይቀንሳል። ፌራጋሞም በጫማው ወገብ ቀጭን የብረት ደጋፊ አግብቶ ክብደቱን በሰፊው አከፋፈለው።

በ1927 ወደ አገሩ ተመልሶ በፊሬንዜ ከተማ ሥራ ጀመረ፤ በ1933 ከሰረ፤ እንደ ገና ተነሣ። በ1935፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የንግድ ማዕቀብ አደረገ። ነዳጅ ዘይትን ያላካተተው ማዕቀብ ወራሪውን አላስቆመም፤ ለፌራጋሞ ግን ጥሩ ብረት ጠፋ። ያገኘው ደካማ ብረት በጫማው ውስጥ እየተሰበረ ቢያስቸግረው፣ የሰርዴኛን ቡሽ ቈራርጦ በማጣበቅ በታኮውና በፊተኛው ሶል መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ ሞላው። ጎድጓዳውም ከሥሩ ድጋፍ አገኘ። ይህ የቡሽ ጫማ ብዙ ሳይቈይ በሌሎች አገሮች ሁሉ ተቀዳ።

ያ ጦርነት በወገኖቻችን ላይ ያደረሰው እልቂት በጫማ ታሪክ የሚመዘን አይደለም። ከዚህ ሰው የምንወስደው ሌላ ነገር ነው፤ ብረቱ ቢጠፋም ብረቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቅ ስለ ነበር ምትኩን ለማግኘት ቻለ። ምክንያቱን ሳያውቅ ሌላውን የሚቀዳ ሠራተኛ ግን ዕቃው ሲጠፋ ሥራው አብሮ ይቆማል።

ፌራጋሞ በ1960 ሞተ። የታወቁ ደንበኞቹ እግር ልክ የሆኑት የእንጨት ፎርማዎች በፊሬንዜ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። እርሱ ከመደብሩ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። እኛ ከትምህርት ቤት የወጣነው ወጣቶችም ዕውቀታችንን ይዘን ወደ ባለ ሙያው መደብር ጎራ ብንል፣ መማርም ማስተማርም የምንችለው ብዙ ነገር አለ።