ፍሬድ ሆሎውስ

ፍሬድ ሆሎውስ (ሙሉ ስማቸው ፍሬደሪክ ኮሶም ሆሎውስ፤ ሚያዝያ 1 ቀን 1921 ዓ.ም. – የካቲት 3 ቀን 1985 ዓ.ም.) በኒው ዚላንድ ተወልደው በአውስትራሊያ የኖሩ የዓይን ሐኪም ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በድሃ አገርም ቢሆን እንደ ሀብታም አገር በጥራትና ያለ ተጨማሪ አደጋ ሊሠራ ይችላል ብለው በመከራከራቸው ነው። ይህን ሐሳባቸውን ካስፋፉባቸው አገሮች ዋናዎቹ ኔፓልና ኤርትራ ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

የተወለዱት በዱኒዲን ከተማ ሲሆን አባታቸው የባቡር ነጂ ነበሩ። በወጣትነታቸው የሃይማኖት አገልጋይ ለመሆን ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን በአንድ የዕረፍት ወቅት በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከሠሩ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ብሪታንያ ሄደው በለንደኑ ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ሠለጠኑ፤ ቀጥሎም በዌልስ ሠሩ።

በዌልስ ሳሉ ከአርቺ ኮክሬን ጋር ተገናኙ። ኮክሬን ማንኛውም ሕክምና ጠቃሚነቱና ደኅንነቱ ከሌላው ጋር ተነጻጽሮ ሳይረጋገጥ መታመን የለበትም በሚለው አቋማቸው የታወቁ ሐኪም ናቸው። ሆሎውስ በዚያ በማዕድን ቆፋሪዎች ሸለቆ ውስጥ ግላኮማ በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፋ ያጠኑ ሲሆን፣ በሽተኛው ሆስፒታል እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ እሱ ወዳለበት ሄዶ መመርመርን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልተዉም።

በአውስትራሊያ

እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ሲድኒ መጥተው በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ የፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ኃላፊም ሆኑ። በ1968 የጉሪንጂ ነባር ሕዝብ ወደሚኖርበት ዋቲ ክሪክ ሲሄዱ ትራኮማ በስፋት አገኙ። ትራኮማ በአማራ ክልል ዛሬም የታወቀ በሽታ ነው፤ በአውስትራሊያ ነጮች ዘንድ ግን ያኔም ጠፍቶ ነበር። በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን ሠፈር ለነባር ሕዝቦች የተቋቋመውን የሕክምና አገልግሎት ከመሠረቱት አንዱ ሆሎውስ ነበሩ። ከ1976 እስከ 1978 ድረስ በመሩት አገር አቀፍ የትራኮማና የዓይን ጤና መርሐ ግብር 465 መንደሮች ተጎብኝተው ከ100,000 በላይ ሰዎች ተመርምረዋል።

አነጋገራቸው ሻካራ ነበር ይባላል፤ ከባለ ሥልጣናት ጋርም በተደጋጋሚ ተጋጭተዋል። በ1985 የተሰጣቸውን የመንግሥት ኒሻን የነባር ሕዝቦች ጤና ቸል ተብሏል በሚል ተቃውሞ አልቀበልም ብለዋል። በ1990 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብለው ተመረጡ።

የዓይን ሞራና የሌንስ ክርክር

የዓይን ሞራ የሚባለው ከብሌኑ በስተጀርባ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ መደፍረስ ነው። በመድኃኒት አይድንም፤ የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። በ1980ዎቹ በድሃ አገሮች የተለመደው ዘዴ ሌንሱን ከነከረጢቱ አውጥቶ ለታማሚው በጣም ወፍራም መነጽር መስጠት ነበር። መነጽሩ ዙሪያውን አያሳይም፣ ነገሮችንም አግዝፎ ያሳያል። ከተሰበረ ወይም ከጠፋ ደግሞ ሰውየው ተመልሶ ማየት ያቅተዋል፤ ገጠር ለሚኖር ገበሬ ይህ የተለመደ ዕጣ ነበር። በሀብታም አገሮች በአንጻሩ ከረጢቱ እዚያው እንዲቀር ተደርጎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተከልበት ነበር።

ብዙ ባለሙያዎች ይህን አዲስ ዘዴ ወደ ድሃ አገር መውሰድ ተገቢ አይደለም ይሉ ነበር። ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል፤ ሌንሱ ውድ ነው፤ ንጽሕናው በማይጠበቅበት ቦታ ዓይን ቢመረቅዝ ታማሚው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ሆሎውስ ግን መፍትሔው ዝቅተኛውን ሕክምና መስጠት ሳይሆን የአገሩን ሐኪሞች በሚገባ ማሠልጠንና ሌንሱን ማርከስ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በ1985 ወደ ኔፓል ሄደው ሳንዱክ ሩዊት ከተባለ ወጣት ሐኪም ጋር ተዋወቁ፤ ሩዊትም በኋላ ሲድኒ ሄዶ ከእሳቸው ጋር ተማረ። በ1987 የነጻነት ጦርነት ላይ ወደነበረችው ኤርትራ ገቡ። በዚያ ታጋዮቹ ከአየር ድብደባ ለመሸሸግ በመሬት ውስጥ ባሠሯቸው ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉና መድኃኒት ራሳቸው ሲያመርቱ ተመለከቱ። በዚህ ሁኔታ መድኃኒት የሚያመርት ሕዝብ ሌንስም ማምረት አያቅተውም የሚለው ሐሳብ ከዚህ ጉብኝት ጋር የተያያዘ ነው። በአሥመራና በካትማንዱ የተቋቋሙት የሌንስ ፋብሪካዎች ግን ሥራ የጀመሩት እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ቀድሞ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ሌንስ በእነዚህና በህንድ በተቋቋመ ሌላ ፋብሪካ ምክንያት ከአሥር ዶላር በታች ወረደ።

ሕልፈት

በ1989 የኩላሊት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሽታው ሥራቸውን አላስቆመም፤ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት በ1992 የተቋቋመው ታመው ሳሉ ነው። ሲሞቱ የ63 ዓመት ሰው ነበሩ። በፈቃዳቸው የተቀበሩት ብዙ ጊዜ ሄደው ይሠሩባት በነበረችው ሩቅ የገጠር ከተማ በቡርክ ነው።

ከሞቱ በኋላ

ሩዊት ትንሽ ቀዳዳ በመክፈት፣ ያለ ስፌትና ያለ ውድ መሣሪያ የሚሠራውን የእጅ ቀዶ ሕክምና አሻሻለ። በ2007 የታተመና በኔፓል 108 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ዘዴ በሀብታም አገሮች ከሚሠራበት የአልትራሳውንድ ዘዴ ጋር አነጻጽሯል። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 ከመቶው በመነጽር ታግዘው በጥሩ ሁኔታ አዩ፤ የእጁ ዘዴ ግን ፈጣንና ርካሽ ነበር። ሩዊት ከአሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ታቢን ጋር የመሠረተው የሂማላያ የዓይን ሞራ ፕሮጀክት በኢትዮጵያም የቀዶ ሕክምና ዘመቻዎችን ያካሂዳል።

ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በሌዘር የሚታገዝ ቀዶ ሕክምና መጥቷል። ሌዘሩ ዓይኑን ይከፍታል፣ የሌንሱን ከረጢት ፊት በክብ ይቆርጣል፣ ሌንሱንም ይከፋፍላል፤ ፍርስራሹን መምጠጥና አዲሱን ሌንስ መትከል ግን አሁንም የሐኪሙ ሥራ ነው። በፈረንሳይና በብሪታንያ የተደረጉና በ2020 የታተሙ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች ሌዘሩ ከተለመደው ዘዴ የባሰ አደጋ እንደሌለው፣ ነገር ግን ለዋጋው የሚመጥን ብልጫም እንደሌለው አሳይተዋል። እንዲህ ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ድርጅት የተሰየመው በሆሎውስ የቀድሞ ባልደረባ በአርቺ ኮክሬን ነው፤ የተመሠረተውም ሆሎውስ በሞቱበት በ1993 መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው።

በኢትዮጵያ ከ2005 እስከ 2006 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ የግማሹ መንስኤ የዓይን ሞራ ነው። በደቡብ ወሎ ከደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው ይታወቃል። እንደ ከላላና መካነ ሰላም ካሉ የምዕራብ ወሎ ደጋዎች ለሚመጣ ሽማግሌ ችግሩ ሌዘር ይሻላል ወይስ እጅ የሚለው አይደለም፤ እዚያ መድረሱ ነው። በአገሪቱ በአብዛኛው የሚሠራው ቀዶ ሕክምናም በእጅ ሆኖ፣ ታማሚው በማደንዘዣ መርፌ ነቅቶ እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ ዓይኑ ላይ የተለጠፈው ፋሻ በማግሥቱ ጠዋት ይነሣል።