ጂም ቶርፕና የተነጠቃቸው ሜዳልያዎች

ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው በአሜሪካ እጅግ የታወቀ፣ በእኛ ዘንድ ግን ስሙ እምብዛም ያልተሰማ ስፖርተኛ ነው።

ጂም ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1887 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር፣ ከአሜሪካ ቀደምት ነገዶች አንዱ ከሆነው ከሳክ ኤንድ ፎክስ ሕዝብ ተወለደ። በሕፃንነቱ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። መንታ ወንድሙ ቻርሊ ገና በልጅነቱ ሞተበት፤ እናቱንና አባቱንም ሃያ ዓመት ሳይሞላው አጣ።

ካርላይል ወደሚባለው የፔንስልቬንያ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው የነገዶቹን ልጆች ከቋንቋቸውና ከልማዳቸው ለመለየት ነበር። ቶርፕ በዚያ በአሠልጣኙ በፖፕ ዋርነር ሥር የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫወተ። ይህ ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው፤ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥና መወርወር፣ ተጋጣሚንም መሬት ላይ መጣል ይፈቀድበታል። በ1912 ካርላይል የዌስት ፖይንትን የጦር አካዳሚ 27 ለ 6 ሲያሸንፍ፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አይዘንሃወር ከተሸናፊዎቹ ወገን ተሰልፎ ነበር።

በዚያው ዓመት በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ቶርፕ አምስት ውድድሮችንና ዐሥር ውድድሮችን በሚያጠቃልሉት በሁለቱም ፉክክሮች የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ነገር ግን በ1913 መጀመሪያ፣ ከኦሊምፒኩ በፊት በ1909ና በ1910 በሰሜን ካሮላይና በጥቂት ገንዘብ ቤዝቦል መጫወቱ በጋዜጣ ወጣ። በጊዜው ደንብ ለገንዘብ የተጫወተ ሰው በኦሊምፒክ መወዳደር አይችልም ነበርና ሜዳልያዎቹን መለሰ፤ ስሙም ከመዝገብ ተፋቀ። ሌሎች ተማሪዎች እንዲሁ ሲያደርጉ በሐሰት ስም ይጫወቱ ነበር፤ እርሱ ግን በገዛ ስሙ ነበር የተጫወተው። ከዚህም በላይ ደንቡ ተቃውሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር፤ ክሱ የመጣው ግን ከወራት በኋላ ነው። ደንቡ በድኻው ላይ ሲጠብቅ ለፈራጆቹ ግን ላላ ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ቶርፕ ከዚያ በኋላ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ቤዝቦል ተጫወተ። በ1915 የኦሃዮው የካንተን ቡልዶግስ ለአንድ ግጥሚያ 250 ዶላር ይከፍለው ጀመር። በ1920 ክለቦቹ ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት፤ ዛሬ በሀብቱ የገነነው ብሔራዊ የእግር ኳስ ሊግ የተገኘው ከዚሁ ማኅበር ነው። በ1928፣ ዕድሜው አርባ ካለፈ በኋላ፣ መጫወት አቆመ።

ቀሪው ዘመኑ ግን መራራ ነበር። በፊልም ውስጥ ትንንሽ ሚና ይጫወት፣ የቀን ሠራተኛ ሆኖም ይቈፍር ነበር። መጠጥም ጎድቶታል፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። በ1950 የስፖርት ጋዜጠኞች የግማሹ ምዕተ ዓመት ታላቅ አትሌት ብለው ሲመርጡት እርሱ በችግር ላይ ነበር። መጋቢት 28 ቀን 1953 በካሊፎርኒያ ዐረፈ።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1982 ውሳኔውን ሽሮ በማግሥቱ ዓመት ለልጆቹ ምትክ ሜዳልያዎች ሰጠ፤ ብቸኛ አሸናፊ መሆኑን ያወጀው ግን በ2022 ነው። አስከሬኑን በተመለከተ፣ ባለቤቱ ስሙን ለመያዝ ለተስማማች አንዲት የፔንስልቬንያ ከተማ ሰጠችው። ወንዶች ልጆቹ ወደ ነገዱ ምድር እንዲመለስ በፍርድ ቤት ቢከራከሩም አልተሳካላቸውም፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም።