ኮርማ ዐዋቂው ቻርልስ ኮሊንግ

በመቀሌ ከተማ የሚገኘው እንዳ ኢየሱስ በታሪክ የታወቀው በምሽጉ ነው። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በማጆር ጋሊያኖ የሚታዘዘውን የኢጣልያ ጦር በዚያ ከቦ፥ የሚጠጣውን ውሃ ይዞ፥ ምሽጉን ለቆ እንዲወጣ ማስገደዱን የማያውቅ ተማሪ የለም። ዛሬ ግን በዚያው ስፍራ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይገኛል። ወታደር ለውሃ በተጨነቀበት ቦታ ወጣቶች ስለ አዝመራ፥ ስለ መሬትና ስለ ከብት እርባታ ይማራሉ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን የዘመተው ሕዝብ ክፉ ቀን ከሚባለው መከራ ገና መውጣቱ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጣ ከብት የገባው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ፥ ከ10 ከብት 9 ያህሉን እንደ ጨረሰ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻው ጾም አደረ፤ እርሻው ጾም ሲያድር ሰው በረሃብ አለቀ። ከዚያ እልቂት በኋላ ጥቂት ላምና አንድ ኮርማ የተረፈለት ገበሬ፥ የአንድ ኮርማ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር። መልካም ኮርማ በአንድ ዓመት የብዙ ጥጆች አባት ይሆናል፤ ክፉ ኮርማም እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬ፥ ኮርማን በመምረጥ ብቻ ስሙን በዓለም ያስጠራ የአንድ እንግሊዛዊ ገበሬ ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ አስበናል። የእንግሊዝ አገር ዓመታት የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ኮሊንግ የተወለደው በ1751 ሲሆን፥ አገሩ በሰሜን እንግሊዝ ዱርሃም በተባለው አውራጃ፥ ከዳርሊንግተን ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ ገበሬ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ባርምፕተን በሚባል ስፍራ ሲያርስ፥ ቻርልስ በ1782 ኬተን የተባለውን የአባቱን እርሻ ተረከበ። በሚቀጥለው ዓመት ሜሪ ኮልፒትስ የምትባል ሴት አገባ፤ እርስዋም ከብት የምታውቅና ሥራውን ከልብ የምትረዳ ሆነችለት።

በዚያ አውራጃ የሚረቡት ከብቶች ቀንዳቸው አጭር ስለ ሆነ ሾርትሆርን ተባሉ፤ ትርጓሜውም ቀንደ አጭር ማለት ነው። አካላቸው ትልቅ፥ ወተታቸውም ደኅና ነበር፤ ነገር ግን አጥንተ ሻካራና ለመስባት የሚዘገዩ ነበሩ። ወጣቱ ገበሬ ይህን ጉድለት ለማረም ፈለገ እንጂ መንገዱን ገና አላወቀውም። በዚያን ጊዜ ሮበርት ቤክዌል የሚባል፥ በሌስተርሺር አውራጃ ዲሽሌ በተባለ ቦታ የሚኖር፥ በበግና በከብት እርባታ የታወቀ ሽማግሌ ነበረ። ቻርልስ በ1783 ወደ እርሱ ሄዶ ሥራውን ተመለከተ። ያገኘውም ትምህርት ይህ ነበር፤ ከብት በአጋጣሚ የሚሻሻል ነገር አይደለም፤ አርቢው የሚፈልገውን መልክ አስቀድሞ በአሳቡ ይወስን፤ ያን መልክ የያዙትን እንስሳት መርጦ እርስ በርሳቸው ያስጠቃ፤ ያልያዙትን ያለ ርኅራኄ ያስወግድ።

ኮሊንግ ወደ ቤቱ ተመልሶ መልካም መሠረት ይሆናሉ ያላቸውን እንስሳት መሰብሰብ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ በ1777 የተወለደው ሃባክ የተባለው ኮርማ ነበር። የሃባክ እናት የአንድ ድኃ ሰው ላም እንደ ነበረችና በመንገድ ዳር ሣር ትግጥ እንደ ነበር ይነገራል። ኮርማው ትልቅ አልነበረም፤ ሌሎችም በጥቂት ጊኒ ገዝተውት ብዙም አላከበሩትም። ኮሊንግ ግን ቀረብ ብሎ ቆዳውን በእጁ ዳሰሰ፤ ቆዳው ለስላሳና ልል፥ ጠጕሩም ረቂቅ ሆኖ አገኘው። ይህም በቶሎ የሚሰባ ከብት ምልክት መሆኑን ስላወቀ ገዛው። ሃባክም ከሾርትሆርን ዝርያ አባቶች አንዱ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሰው ኮርማን እንዴት ይመለከት እንደ ነበር ማወቅ ለገበሬዎቻችን ሳይጠቅም አይቀርም። የሾርትሆርን አርቢዎች ከሩቅ ሆነው የጀርባውን ቅንነት፥ የደረቱን ጥልቀት፥ የጎድኑን መንፋት፥ የሽንጡንና የታፋውን ሙላት ያያሉ። ቀጥሎ ሲራመድ ያዩታል፤ እግሩ የሚወላገድ ኮርማ ላም ማስጠቃት ይሳነዋልና። ከዚያ ቀርበው ቆዳውን ይዳስሳሉ፤ ጠባዩን ይመረምራሉ። ከሁሉም በላይ እናቱ ምን ያህል እንደምትታለብ፥ እኅቶቹም ምን እንደሚመስሉ ይጠይቃሉ፤ ኮርማ ራሱ ወተት ባይሰጥም ወተትን ለሴት ልጆቹ ያወርሳልና። የመጨረሻውን ፍርድ ግን የሚሰጡት የተወለዱት ጥጆች ናቸው።

በ1793 ፌቨሪት የተባለ ኮርማ በኬተን ተወለደ። ኮሊንግ ይህን ኮርማ ለብዙ ዓመታት ሲያስጠቃበት፥ ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም ሳይለይ ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ በ1796 የተወለደው የዱርሃም በሬ ነው። እናቱ ከገበያ የተገዛች ተራ ላም ነበረች። ጥጃው ተኮላሽቶ ሲደልብ ግን አገር የሚያስደንቅ ሰንጋ ወጣው። በ1801 ጆን ዴይ የተባለ ሰው በ250 ፓውንድ ገዝቶት፥ በተለየ ሠረገላ እያስጫነ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ከተሞች ለስድስት ዓመት ያህል ለሕዝብ ሲያሳየው ኖረ። በሎንዶን በአንድ ቀን ብቻ ከተመልካች 97 ፓውንድ ተሰበሰበ። በዐሥር ዓመቱ ክብደቱ ከ1,700 ኪሎ ግራም በላይ እንደ ሆነ ተጽፏል። በ1807 ዳሌው ወልቆ መነሣት ስላቃተው ታረደ። በዚህ ሰንጋ ምክንያት የኬተን ከብት ዝና በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ከተራ ላም እንኳ መልካም ኮርማ ምን ሊያወጣ እንደሚችል ሕዝቡ በዓይኑ አየ።

ከዚህ በኋላ ኮሊንግ እጅግ የደፈረውን ሥራ ሠራ። ፌቨሪትን በገዛ እናቱ ላይ አስጠቅቶ ጊደር አስወለደ፤ ያችኑ ጊደር ደግሞ መልሶ ለአባቷ ለፌቨሪት አስጠቃት። በ1804 የተወለደው ጥጃ ኮሜት ተባለ። ኮሊንግ ካስወለዳቸው ኮርማዎች ሁሉ የበለጠ መልከ መልካም ይኸው እንደ ነበር ባለሙያዎች ይስማሙበታል።

ጥቅምት 11 ቀን 1810 ኮሊንግ ከብቶቹን በሐራጅ ሸጠ። አርቢዎች ከየአውራጃው ጎርፈው መጡ። ለኮሜት ዋጋ ሲጠራ 1,000 ጊኒ፥ ማለት 1,050 ፓውንድ ደረሰ፤ አራት ሰዎችም ገንዘባቸውን አዋጥተው በማኅበር ገዙት። በዚህ ዋጋ የተሸጠ ኮርማ ከዚያ በፊት አልነበረም። በጠቅላላው 47 ከብት ከ7,100 ፓውንድ በላይ አወጣ። አርቢዎች ወንድሞቹም ስለ ድካሙ የብር ዕቃ ሸለሙት። ሮበርት በ1820፥ ቻርልስ በጥር 1836 ዐረፉ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የምስጋና ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሥራው ሁለት ልጆች ወለደ፤ አንዱ መልካም፥ ሁለተኛው አደገኛ። መልካሙ መዝገብ ነው። በ1822 ጆርጅ ኮትስ የተባለ ሰው የሾርትሆርንን የዘር ሐረግ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ይህም ለከብት ዝርያ የተዘጋጀ የመጀመሪያው መዝገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ገዢው በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ አባትና እናት ለይቶ መግዛት ቻለ።

አደገኛው ደግሞ በስም መስከር ነው። በ1810 ሐራጅ ቶማስ ቤትስ የተባለ አርቢ ዱቸስ ከሚባለው ዘር አንዲት ላም በ183 ጊኒ ገዝቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ የዱቸስ ስም ብቻ ዋጋ የሚጠራበት ዘመን መጣ፤ በ1873 በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ ግዛት፥ አንዲት የዚሁ ዘር ላም 40,600 ዶላር ተሸጠች። ይሁን እንጂ ዘመድ ከዘመድ ጋር ያለ መጠን ሲጠቃ ስለ ኖረ ከላሞቹ ብዙዎቹ መውለድ ተሳናቸው። የማትወልድ ላም በወርቅ ብትገዛ ምን ትጠቅማለች? ኮሊንግ ዓይኑ ስለታም ስለ ነበረ ጉድለቱን እያየ ያስወግድ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን መጽሐፉን እያዩ ኮርማውን ማየት ተዉ። በዚያው ዘመን አሞስ ክሩክሻንክ የተባለው ስኮትላንዳዊ ከስም ይልቅ ሥጋውንና ጤናውን እየመረጠ ዝርያውን በአዲስ ጉልበት አቁሞታል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? እኛም የራሳችን ዝርያዎች አሉን። ወተታም የሆነው የሁመራ ቆላ በጋይት፥ ቀንደ ረጅሙ የራያ በሬ፥ የደጋውን ቁርና የሣር እጥረት የሚችለው አራዶ፥ የፎገራና የቦረና ከብት፥ እያንዳንዱ ለአገሩ የተስማማ ነው። የባዕድ ኮርማ አምጥቶ ማዳቀል ወተት እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ግን የኬተኑ ገበሬ ሥራውን የጀመረው በሰፈሩ ከሚገኙት ከብቶች መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ያን ክፉ በሽታ ዓለም በ2003 ዓ.ም. ጨርሶ ማጥፋቱን አበሰረ፤ ስለዚህ የዛሬ አርቢ አያቶቹ ያላገኙትን ዕድል አግኝቷል።

በመንደራችን ልማድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ፈጥኖ ያደገው፥ ደረቱ የሰፋው ወይፈን ዋጋ ስለሚያወጣ ለበዓል ይሸጣል ወይም ይኮላሻል፤ ላሞቹን የሚያስጠቃው ገዢ ያጣው ቀጭን ይሆናል። እንዲህ ስናደርግ የምንሸጠው አንድ ወይፈን አይደለም፤ ገና ያልተወለዱትን ጥጆች ሁሉ ነው። በእንዳ ኢየሱስ የሚማሩት ወጣቶች ሚዛንና መዝገብ ይዘው ወደ ገበሬው ሲወርዱ፥ ገበሬው ደግሞ ከአባቶቹ የወረሰውን ዓይን ሲጨምርበት፥ ከየመንደሩ አንዳንድ መልካም ኮርማ ከገበያ ማስቀረት የሚያቅት አይመስለንም። ቻርልስ ኮሊንግም የጀመረው ሌሎች በናቁት በአንድ ትንሽ ኮርማ ነበር።