ሕገ መንግሥት አርቃቂው በጅሮንድና የማይጠየቁት ሹማምንት

መንግሥትን የመጠየቅ ሥልጣን የሌለው ምክር ቤት፣ ወንበሩ የቱን ያህል ቢያምር፣ ከግብር አዳራሽ ብዙም አይለይም። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ይህን ሐቅ አፍረጥርጦ ያሳያል።

በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያደብር የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው የራስ መኰንንን ጦር ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሩሲያ ተወስደው በመድፈኝነት ሙያ ሠለጠኑ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 የሩሲያ ሕዝብ በአመፅ ተነሥቶ ዛሩ ዱማ የተባለውን ምክር ቤት እንዲያቋቁም ሲያስገድደው በዚያው አገር ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ» በተሰኘው ተውኔታቸው የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት በአውሬዎች አንደበት አጋለጡ፤ ተውኔቱም ታገደ። ሹመኛን የሚጠይቅ ሸንጎ በሌለበት ዘመን ጥያቄውን አውሬ ቢያነሣው ምን ያስደንቃል!

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ለአርአያነት የተወሰደው የጃፓን ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ጃፓናውያን ግን የታችኛውን ምክር ቤት አባላት በምርጫ ይሰይሙ ነበር። በእኛ አገር የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ሾሙ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል ሰበብ መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት መረጡ። ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ምክር ቤቶቹ አንድም ሚኒስትር ጠርተው ማነጋገር አይችሉም ነበር። የመጨረሻው፣ 55ኛው አንቀጽ፣ የመንግሥት ገንዘብ ምክር ቤቶቹ በመከሩበት ዓመታዊ በጀት ብቻ እንዲወጣ ያዛል። በገንዘብ ሚኒስትርነትም ላገለገሉት በጅሮንድ ይህ አንቀጽ የሌላ ሰው ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም የመጨረሻው ቃል የዙፋኑ ነበረ።

የሐዋሳ ሠራተኛና የቀበሌ ነዋሪ አንድ ነገር ልብ ይበል። ምክር ቤቱ በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማችን ገና አልተቆረቆረችም፤ በዚህ አካባቢ ገባር የነበረው የሲዳማ ገበሬ ስለሚከፍለው ግብር የሚሟገትለት የራሱ እንደራሴ አልነበረውም።

ተክለ ሐዋርያት በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ሲፈጸም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። ከዚያም ረጅም የስደት ዘመን በማዳጋስካር አሳለፉ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ እንደራሴዎቹን የመምረጥ መብት ቢሰጥም ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የባለርስትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅም ባለርስቶች በበዙበት ምክር ቤት ሲጓተት ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ። እንደራሴዎችን ጠርቶ የሥራ አስፈጻሚውን አካል የመጠየቅና የመመርመር ሥልጣን በማያሻማ ቃል የሰጠው በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ነው፤ የአንቀጹም ቁጥር፣ እንደ አጋጣሚ፣ 55 ነው።

ምክር ቤቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋኑ ጋር አብሮ ፈረሰ። አርቃቂው ሽማግሌ ያን ጊዜ በሐረርጌ፣ ሂርና በእርሻ ሥራ ይኖሩ ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ።