ቤንጃሚን ፍራንክሊን፤ ሌላውን እያቋቋመ የበለጸገው አታሚ

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለውን አሜሪካዊ እኛ ተማሪዎች በመጀመሪያ ያወቅነው በሳይንስ ትምህርት ነው፤ መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ያስረዳና ቤትን ከመብረቅ የሚጠብቀውን የብረት ዘንግ ያስገኘ ሰው ነውና። በታሪክ ትምህርትም በ1776 የወጣውን የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ አታሚና ነጋዴ ነበር። በ42 ዓመቱ ከዕለት ሥራው ሲያርፍም ቀሪ ዘመኑን ያለ ችግር የሚያኖር ሀብት ነበረው።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ልንጽፍ የመረጥነው ስለዚሁ ስለ ንግዱ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ ግቢ ወጥተን ሥራ ፈላጊዎች እንሆናለን። በየቤታችንም ከአሁኑ የሚነሣው ጥያቄ፣ ማን ያውቃችኋል፣ ማንስ ዋስ ይሆናችኋል የሚል ነው። ፍራንክሊንም በ17 ዓመቱ ይኸው ጥያቄ ገጥሞት ነበርና፣ እንዴት እንደ ተወጣው ማወቅ ለእኛ ከመብረቁ ታሪክ ይልቅ የቀረበ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።

ፍራንክሊን በ1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ሲሆን የ17 ልጆች አባት ነበር፤ ስለዚህ ይህን ልጁን ከሁለት ዓመት በላይ ትምህርት ቤት ሊያቆየው አልቻለም። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው የኅትመት ሥራ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ተሰጠ። ጄምስ ግን ቊጡ ነበርና ይመታው ነበር። በ1723 ፍራንክሊን ጠፍቶ ኒው ዮርክ ገባ፤ በዚያም ዊልያም ብራድፎርድ የሚባል አንድ ሽማግሌ አታሚ አግኝቶ ሥራ ጠየቀው።

ብራድፎርድ የሚሰጠው ሥራ አልነበረውም። ነገር ግን በሩን ከመዝጋት ይልቅ፣ በፊላደልፊያ የሚኖረው ልጁ አንድሩ በቅርቡ ሠራተኛ ሞቶበታልና ወደ እርሱ ሂድ ብሎ መንገዱን አሳየው። ልጁ በእግርና በጀልባ ተጕዞ ቢደርስ የአንድሩ ቦታም ተይዞ ቈየው። አንድሩ ግን ማደሪያ ሰጠው፤ በፈረስ ቀድሞ የደረሰው ሽማግሌም ራሱ እጁን ይዞ ኬይመር ወደሚባል ሌላ አታሚ ወሰደውና አገናኘው። በዚህም ሥራ አገኘ። ከዚህ የምናስተውለው፣ ፍራንክሊን የመጀመሪያ እንጀራውን ያገኘው ራሱ ሥራ ሊሰጠው በማይችል ሰው አገናኝነት መሆኑን ነው። (እርግጥ ሽማግሌው ፍጹም ቅን አልነበረም። የተፎካካሪው አባት መሆኑን ሳይገልጥ የኬይመርን የንግድ ምስጢር በጨዋታ መካከል ሲያወጣጣ ፍራንክሊን አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር።)

ቀጥሎ የደረሰበት ነገር ግን መራራ ነው። የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ ሰር ዊልያም ኪይዝ ይህን ጐበዝ ወጣት ወደደውና የራሱን ማተሚያ ቤት እንዲያቆም እረዳዋለሁ አለው። ወደ ለንደን ሄዶ የማተሚያ መሣሪያ እንዲገዛም አዘዘው፤ ለገንዘቡ የዱቤ ደብዳቤ፣ ለትውውቁም የአደራ ደብዳቤ እሰጥሃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠው። ደብዳቤዎቹ ዛሬ ነገ ሲባሉ የመርከቡ ቀን ደረሰ፤ ከመርከቡ የፖስታ ከረጢት ውስጥ ታገኛቸዋለህ ተባለ። በ1724 መጨረሻ ለንደን ሲደርሱ ከረጢቱ ቢፈተሽ ለእርሱ የተጻፈ አንድም የገዥው ደብዳቤ አልተገኘበትም። ኪይዝ ሁሉን ደስ ማሰኘት የሚወድ፣ የሚሰጠው ግን የሌለው ሰው ነበርና ተስፋ ይሰጥ ነበር። የ18 ዓመት ወጣት በማያውቀው አገር ያለ ገንዘብና ያለ ዘመድ ቀረ። እኛ ያለንበት ዕድሜ መሆኑ ነው።

በዚያው መርከብ ላይ ቶማስ ዴንሃም የሚባል የኩዌከር ማኅበር ሰው የሆነ ነጋዴ ነበረ። የገዥውን ጠባይ ገልጦ የነገረው፣ እስከዚያውም በለንደን ማተሚያ ቤቶች ተቀጥረህ ሙያህን አሻሽል ብሎ የመከረው እርሱ ነው። የዴንሃም የራሱ ታሪክም ሊነገር የሚገባው ነው። ከዚያ በፊት በብሪስቶል ከተማ ነግዶ ከስሮ፣ ብዙ ዕዳ ትቶ ወደ አሜሪካ ሄዶ ነበር። አበዳሪዎቹ ከፊሉን ተቀብለው ቀሪውን ምረውለት ነበር። ሀብት ካገኘ በኋላ ተመልሶ አበዳሪዎቹን ሁሉ ግብር ጠራቸው፤ የመጀመሪያው ሳሕን ሲነሣም እያንዳንዱ ከሳሕኑ ሥር ቀሪ ገንዘቡን ከነወለዱ የሚያስከፍል የባንክ ወረቀት አገኘ። ፍራንክሊንን በ1726 ወደ ፊላደልፊያ የመለሰውና በሱቁ ጸሐፊ አድርጎ የቀጠረው ይህ ሰው ነው። ሲሞትም ለመርከቡ ያበደረውን ገንዘብ ማረለት።

በ1727 መጸው ፍራንክሊን 12 ያህል ወዳጆቹን ሰብስቦ ጁንቶ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። አባሎቹ አብዛኞቹ የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል መስተዋት ገጣሚ፣ ጫማ ሰፊ፣ አናጢ፣ የመሬት ቀያሽና የውል ጸሐፊ ይገኙባቸዋል። ዓርብ ማታ ማታ ይገናኙ ነበር። ይህ ማኅበር እንደ እኛ አገር ዕቁብ ገንዘብ የሚጣልበት አልነበረም፤ የሚዋጣው ወሬና ድጋፍ ነበር። በየስብሰባው ከሚነበቡት ጥያቄዎች መካከል፣ አዲስ እንግዳ ወደ ከተማው መምጣቱንና ማኅበሩ ሊረዳው መቻሉን፣ በቅርቡ ሥራ የጀመረና መበረታታት የሚገባው ወጣት መኖሩን፣ ከአባሎቹም የማንን ወዳጅነት የሚፈልግና ሌላው ሊያስተዋውቀው የሚችል መኖሩን የሚመረምሩ ነበሩባቸው። ነጋዴ ለምን ከሰረ፣ ሌላውስ በምን በለጸገ የሚልም ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ የሚጠየቅ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ዓይኑንና ጆሮውን ለሌላው ጉዳይ ከፍቶ ይውላል።

በ1728 ፍራንክሊንና ጓደኛው ሂዩ ሜሬዲት ማተሚያ ቤት ሲከፍቱ፣ የእርሳሱን ፊደል ገና ከሣጥን አውጥተው ሳያበቁ ጆርጅ ሃውስ የሚባል ወዳጃቸው በመንገድ ላይ አታሚ ሲፈልግ ያገኘውን አንድ የገጠር ሰው ይዞላቸው መጣ። ያ ደንበኛ የከፈለው 5 ሽልንግ ብቻ ነው። ፍራንክሊን ግን በሽምግልናው የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ፣ በኋላ ካገኘው ገንዘብ ሁሉ ይህ የበለጠ እንዳስደሰተውና ጀማሪዎችን ለመርዳት የተነሣሣው ከዚህ የተነሣ መሆኑን ገልጿል። ከጁንቶ አባሎች አንዱ የሆነው ጆሴፍ ብራይንትናልም የኩዌከሮችን ታሪክ 40 ሉክ የማተም ሥራ አስገኘላቸው። ፍራንክሊን በቀን አንድ ሉክ ይለቅም ነበር። አንድ ማታ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ የሁለት ገጽ ፊደል ወድቆ ተበታተነበት፤ እንደገና ለቅሞ ሳይጨርስ አልተኛም። ጎረቤቶቹ መብራቱን ያዩ ነበርና ወሬው በነጋዴዎች መካከል ተሰማ፤ ዱቤ የሚሰጡትም መጡ። በእኛ አስተያየት ይህ ሌሊት ከትውውቁ ተለይቶ ሊነገር አይገባውም። አንድ ሰው ስለ ሌላው ሲመሰክር የራሱን ስም ያስይዛልና፣ የተመሰከረለት ቢሰንፍ የሚያፍረው መስካሪው ነው።

ብዙ ሳይቈይ የሜሬዲት አባት ሊከፍሉ የተዋዋሉትን ገንዘብ መክፈል አቃታቸው፤ ማተሚያ ቤቱም ተከሶ ሊሸጥ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ዊልያም ኮልማንና ሮበርት ግሬስ የተባሉ ሁለት የጁንቶ ወዳጆቹ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሳይለመኑ መጥተው ገንዘቡን በሙሉ እናበድርሃለን አሉት። እርሱም ማንኛቸውንም ላለማስቀየም ከሁለቱም እኩል ወሰደ።

ዕዳው እንደ ቀለለለት እርሱ በተራው ማበደር ጀመረ። ግን ገንዘብ ማደል ብቻ አልነበረም። በ1731 ቶማስ ዊትማርሽ የተባለውን ሠራተኛውን ወደ ቻርልስተን ላከው፤ የማተሚያውን መሣሪያና ፊደሉን ፍራንክሊን ይሰጣል፣ ከወጪው ሢሶውን ይከፍላል፣ ከትርፉም ሢሶውን ያገኛል፤ ውሉም ለ6 ዓመት ነው። ዊትማርሽ በሞተ ጊዜ ሉዊስ ቲሞቲ ተተካ። ይህ ሰው ሙያተኛ ቢሆንም ሒሳቡን አጥርቶ አያቀርብም ነበር። በ1738 ሲሞት ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሥራውን ያዘች። እርስዋ ተወልዳ ባደገችበት በሆላንድ አገር ሴቶች ልጆች የሒሳብ አያያዝ ይማሩ ነበርና፣ በየሦስት ወሩ የጠራ ሒሳብ ትልክ ጀመር፤ ልጆችዋን አሳደገች፤ የውሉ ዘመን ሲያልቅም ማተሚያ ቤቱን ገዝታ ልጅዋን አቋቋመችበት። ፍራንክሊን ይህን ባየ ጊዜ ለሴቶች ልጆች ከሙዚቃና ከጭፈራ ይልቅ ሒሳብ ማስተማር ይጠቅማል ብሎ መክሯል። የክፍላችን ሴቶች ልጆች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብበውታል።

በ1742 ጄምስ ፓርከርን በኒው ዮርክ፣ ከዚያም ሌሎችን በሌላ ስፍራ አቋቋመ። ለእነዚህ ሰዎች ወረቀት፣ ቀለምና በየዓመቱ የሚያወጣውን የቀን መቊጠሪያ መጽሐፍ ይሸጥላቸው ነበር፤ ለጋዜጣውም ከየአገሩ ወሬ ያገኝ ነበር። ስለዚህ ቸርነቱ ከጥቅሙ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር ብንል አልዋሸንም፤ እርሱም አልደበቀውም። ሽርክናዎቹ ያለ ጠብ መፈጸማቸውንም፣ የእያንዳንዱ ወገን ድርሻና ግዴታ አስቀድሞ በውል ስለ ተጻፈ ነው ይላል። የለንደኑ አታሚ ዊልያም ስትራሃን ያገናኘው ዴቪድ ሆል የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1744 መጣለት። ፍራንክሊን በ1748 ማተሚያ ቤቱን በ18 ዓመት ሽርክና ለእርሱ አስረክቦ ወደ ሳይንሱ የዞረው በዚህ ሰው ምክንያት ነው። ስትራሃንና ፍራንክሊን ግን እርስ በርሳቸው በዓይን የተያዩት ከዚያ በኋላ በ1757 ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ይህ ለጀማሪ ሁሉ አዛኝ የነበረ ሰው በቤቱ ባሮች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ እያተመ ገንዘብ ተቀብሏል። የጁንቶ ጥያቄዎች እነዚያን ሰዎች አልጠየቋቸውም። በሽምግልናው ግን ሐሳቡን ለወጠ። በ1787 የፔንሲልቬንያ የፀረ ባርነት ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1789 ማኅበሩ ባወጣው ዕቅድ ነጻ ለወጡት ጥቊሮች ሥራ የሚፈልግላቸውና ልጆቻቸውን ሙያ የሚያስገባ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥያቄው በ60 ዓመት ዘግይቶ ደረሳቸው።

ፍራንክሊን ደብዳቤ የመጻፍ ሥልጣን ሲያገኝ የኪይዝን ሥራ አልሠራም። በ1774 በለንደን ሳለ ቶማስ ፔን የተባለ ሥራ ያጣ እንግሊዛዊ መጣበት። ፍራንክሊን በፊላደልፊያ ለሚኖረው አማቹ ሲጽፍ፣ ይህን ሰው ጸሐፊ ወይም ረዳት አስተማሪ ወይም የቀያሽ ረዳት ሆኖ እንዲቀጠር እርዳው ብሎ በልኩ ጻፈለት። ፔን ታሞ ከመርከብ ሲወርድ ያቺ ደብዳቤ ሰው አስገኘችለት፤ በ1776 መጀመሪያም አሜሪካውያንን ለነጻነት ያነሣሣውን ኮመን ሴንስ የተባለ ጽሑፍ አወጣ። በፓሪስ መልእክተኛ በነበረ ጊዜ ግን የአደራ ደብዳቤ ፈላጊው ስለ በዛበት፣ በ1777 ለማያውቀው ሰው የሚሆን የቀልድ ደብዳቤ አዘጋጀ። በእርሱም ስለ አምጪው ጠባይ ራሱ አምጪው ከእኔ ይበልጥ ያውቃልና እርሱኑ ጠይቁት የሚል ሐሳብ ሰፍሮበታል።

ፍራንክሊን በሚያዝያ 1790 በ84 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ትቶላቸዋል። ገንዘቡ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ሙያቸውን በሚገባ ላጠናቀቁና ትዳር ለያዙ ወጣት የእጅ ሥራ ሰዎች በመቶ 5 ወለድ እንዲበደር፣ ተበዳሪውም ስለ ጠባዩ የሚመሰክሩና ዋስ የሚሆኑ ሁለት የተከበሩ ሰዎች እንዲያቀርብ አዘዘ። ለዚህ ያነሣሣውም በወጣትነቱ ያበደሩት ወዳጆቹ መሆናቸውን በዚያው ኑዛዜ ጽፏል። ገንዘቡ ለ200 ዓመት እንዲሠራ የተተወ ነበር። በ1990 ዘመኑ ሲፈጸም በቦስተን ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ በፊላደልፊያም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ።