ሄንሪ ሞዝሊና ብረታ ብረትን በኤክስሬይ የመለየት ስልት

አንድ የማዕድን አለት ምን ያህል መዳብ ወይም ታንታለም እንደያዘ ለማወቅ ዛሬ ናሙናውን ሁልጊዜ በአሲድ ማሟሟት አያስፈልግም፤ ኤክስሬይ ሲያርፍበት መልሶ የሚያመነጨውን ጨረር መለካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ስልት መሠረት የሆነውን ሕግ ያገኘው በወጣትነቱ የተቀጨው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ ነው።

ሞዝሊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1887 በዌይመዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ በቻሌንጀር መርከብ የውቅያኖስ ጥናት ጉዞ የተሳተፈና በኦክስፎርድ ያስተማረ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሲሆን፣ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ሞዝሊ በኦክስፎርድ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1910 ወደ ማንቸስተር ሄዶ በኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመረ።

በዚያ ዘመን ንጥረ ነገሮች በሰንጠረዥ የሚሰለፉት በአቶሚክ ክብደታቸው ነበር። ይሁን እንጂ ኮባልት ከኒኬል በጥቂቱ የሚከብድ ሆኖ ሳለ፣ ኬሚካዊ ጠባዩ ከኒኬል በፊት እንዲቀመጥ ያስገድድ ነበር። ሞዝሊ በ1913 ከካልሲየም እስከ ዚንክ ካሉት ንጥረ ነገሮች አሥሩን መረጠ። ናሙናዎቹን በትንሽ ጋሪ ላይ ደርድሮ፣ አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ በሐር ክር እየጎተተ፣ በየተራ በኤሌክትሮን ጨረር መታቸው፤ የሚወጣውንም ኤክስሬይ በክሪስታል አማካይነት በየሞገድ ርዝመቱ ለይቶ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሰፈረ። የጨረሩ ድግግሞሽ ዳግም ዘር ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በእኩል ደረጃ ከፍ እንደሚል ተመለከተ። በመሆኑም የንጥረ ነገር ተራ የሚወሰነው በክብደቱ ሳይሆን በኑክሊየሱ ኤሌክትሪካዊ ሙል መሆኑ ታወቀ፤ ኮባልት 27ኛ፣ ኒኬል 28ኛ ሆኑ።

ሰሌዳዎቹ ሌላም ነገር አሳዩ። በኮባልቱ ናሙና ውስጥ በጥቂቱ የተቀላቀሉት ብረትና ኒኬል ደካማ መስመሮች አኖሩ፤ ናስ የመዳብንም የዚንክንም መስመሮች ሰጠ። ሞዝሊ ስልቱ ለኬሚካዊ ትንተና ታላቅ መሣሪያ እንደሚሆን ተገነዘበ። በ1914 ፈረንሳዊው ኬሚስት ዦርዥ ኡርበን፣ በብዙ ዓመታት ልፋት የለያቸውን የብርቅዬ ንጥረ ነገሮች ናሙናዎች ይዞ ሞዝሊ ወደሚሠራበት ወደ ኦክስፎርድ መጣ። በውስጣቸው አዲስ ንጥረ ነገር እንዳለ ያምን ነበር፤ ሞዝሊ ግን በጥቂት ቀናት ምርመራ ቀድሞ የታወቁትን ብቻ አገኘ።

በዚያው ዓመት ጦርነት ሲነሣ ሞዝሊ ለሳይንስ ጉባኤ ወደ አውስትራሊያ ተጉዞ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በመሐንዲሶች ጦር ውስጥ የመገናኛ መኮንን ሆነ። ኦገስት 10 ቀን 1915 በጋሊፖሊ በጥይት ተመትቶ በ27 ዓመቱ ሞተ። ንብረቱን ለሙከራ ምርምር እንዲውል ለሮያል ሶሳይቲ ተናዞ ነበር። ራዘርፎርድም እንዲህ ያለውን ተመራማሪ ለጦር ግንባር ማዋል ታላቅ ብክነት መሆኑን በአደባባይ ጻፈ።

ሞዝሊ በናሙናው ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር እንዳለ የሚያመለክተውን መንገድ ከፈተ፤ ምን ያህል እንዳለ የመለካቱ ሥራ ለተከታዮቹ ቀረ። በ1923 በኮፐንሃገን ዲርክ ኮስተርና ጆርጅ ሄቬሺ፣ ባዶ የነበረውን 72ኛ ቦታ የሚሞላውን ሃፍኒየምን በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ በኤክስሬይ መስመሮቹ አገኙት። መጠኑን ለመገመትም በልክ የታወቀ ታንታለም ከናሙናው ጋር ደባልቀው የሁለቱን መስመሮች ድምቀት አነጻጸሩ።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬም ግድ ነው። የመስመሩ ቦታ ከአለት አለት አይለወጥም፤ ድምቀቱ ግን በዙሪያው ያሉት ንጥረ ነገሮች ጨረሩን በሚውጡት መጠን ይለዋወጣል። ስለዚህ ይዘቱ አስቀድሞ ከታወቀ ናሙና ጋር ያልተመሳከረ ልኬት አያስተማምንም። በአገራችን በቀንጢቻ እንደሚገኘው ባለ የታንታለም ማዕድን ውስጥ አብረው የሚኖሩት ታንታለምና ኒዮቢየም በኬሚካዊ ጠባያቸው እጅግ ይቀራረባሉ፤ አንዱ 73ኛ፣ ሌላው 41ኛ በመሆናቸው ግን የኤክስሬይ መስመሮቻቸው ተራርቀው ይነበባሉ። ይህን ልዩነት እንድናነብ ያስቻለን የሞዝሊ ሥራ ነው።