ከበደ ሚካኤልና ከመንዝ አፈር ሥር የተገኘው ባህል

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፊደል የቆጠረ ሰው ከ“ታሪክና ምሳሌ” አንድ ሁለት ግጥም በቃሉ ሳይዝ ትምህርቱን ጨረሰ ማለት ያስቸግራል። የመጽሐፉን ደራሲ ከበደ ሚካኤልን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በዚሁ ነው። ገጣሚ፣ የቴአትር ጸሐፊ፣ ተርጓሚና የታሪክ መምህር ነበሩ። ብዙም የማይነሳላቸው ሌላ ሥራ ግን አላቸው። በአገራችን አርኪዮሎጂ ተቋም ይዞ ሲጀመር ስማቸው ከጀማሪዎቹ ተርታ ይገኛል። የሚያስገርመው ደግሞ፣ ደራሲው ካረፉ በኋላ ባሉት ዓመታት የትውልድ ምድራቸው መንዝ ማንም ያልጠበቀውን አንድ ጥንታዊ ባህል ከአፈሩ ሥር ማውጣቱ ነው።

ከበደ ሚካኤል የተወለዱት ጥቅምት 23 ቀን 1909 ዓ.ም. በመንዝ፣ ገርም ገብርኤል በተባለ ስፍራ ነው። አካባቢው ከቀየት አንስቶ መንዝን አልፎ እስከ ግሼ የሚዘልቀው የሰሜን ሸዋ ደጋ አካል ነው። ውርጩ የሚያንዘፈዝፍ፣ ገብስና በግ የሚበረክትበት፣ ባና የሚሠራበት፣ ቤቱም አጥሩም በድንጋይ ካብ የሚቆም አገር ነው። የአካባቢው ሰው ስለ ጥንቱ ሲጠየቅ ከነገሥታቱ፣ ከቅዱሳኑና ከግራኝ ጦርነት ይጀምራል። ከዚያ በፊት በዚያ ምድር ላይ ማን ይኖር እንደነበር የሚናገር መጽሐፍ በከበደ ሚካኤል የልጅነት ዘመን አልነበረም።

እንደ ዘመኑ ልጆች መጀመሪያ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ። ከዚያም አዲስ አበባ ላይ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ቋንቋ የሕይወታቸው መስኮት ሆነ ማለት ይቻላል። የሮማን፣ የግሪክን፣ የአውሮፓን ታሪክ ያነበቡት በእሱ ነው። ጠላት ሲገባ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። ከነፃነት በኋላ በጋዜጠኝነትና በትምህርት ሚኒስቴር አገልግለዋል፤ ኋላም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን መርተዋል። በጎን መጻሕፍቱ ተከታትለው ወጡ። “የትንቢት ቀጠሮ”፣ “አኒባል”፣ “ታላላቅ ሰዎች”፣ የሼክስፒር የ“ሮሜዎና ዡልዬት” ትርጉም የማይረሱ ናቸው።

ሥራዎቹ ብዙ ይሁኑ እንጂ ከበደ ሚካኤልን ዕድሜ ልክ ያስጨነቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር። ሥልጣኔ ከየት ይመጣል? አንድ ሕዝብስ እንዴት ይደርስበታል? በ1941 ዓ.ም. “ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ” የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አሳተሙ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ “ጃፓን እንደምን ሠለጠነች” ወጣ። ሁለቱም የተጻፉት ከወረራ ገና ለወጣች አገር ነው። ጃፓን ራሷን ሳትጥል መማር ችላለች፤ ኢትዮጵያስ ምን ያግዳታል የሚል ቁጭት በሥራው ውስጥ ይሰማል። ከውጭ መማር አስፈላጊ ነው፤ የራስን ጥንታዊነት ማወቅም እንደዚያው። የአክሱሙን ንጉሥ ካሌብን የቴአትር ጀግና ያደረጉትም ይህንኑ አስበው ሳይሆን አይቀርም።

ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረው አርኪዮሎጂ

እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ ባለሙያዎች ድጋፍ በአዲስ አበባ የአርኪዮሎጂ ክፍል ተቋቋመ። ከሦስት ዓመት በኋላ “አናል ዲትዮፒ” የተባለው የክፍሉ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ሲታተም፣ የክፍሉን ሥራ ለዓለም የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ የሁለት ሰዎችን ስም ይዞ ነበር። አንደኛው ፈረንሳዊው ዣን ልክላን ናቸው። ሌላው ከበደ ሚካኤል። ስለ ጥንት ሥልጣኔ በመጽሐፍ ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው አሁን ማስረጃውን ከመሬት ውስጥ ከሚፈልጉት ጋር ቆሙ።

ቁፋሮው የተጀመረው በሰሜን ነበር። በአክሱምና በአጠገቡ ባለው መላዞ ተቆፈረ፤ ሐውልቲ ተከተለ፤ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መጠራና የሐ። በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። የአክሱም ሐውልቶች ከሩቅ ይታያሉ፤ ድንጋዮቹ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ አለ፤ ነገሥታቱ የታወቁ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑም የቤተ መንግሥቱም ታሪክ ከዚያ ይነሳል። ገንዘብና ባለሙያ ለጠበበው ጀማሪ ተቋም ምርጫው ግልጽ ነበር።

ግን ምርጫው አንድ ልማድ አጠናከረ። የኢትዮጵያ ታሪክ እንደ አንድ መስመር ተሳለ። ከአክሱም ወደ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ወደ ሸዋ፣ ከሸዋ ወደ ጎንደር። ከመስመሩ ውጭ የነበረ ሕዝብ ስሙ የሚነሳው መስመሩ ሲደርስበት፣ ማለትም ሲዘመትበት ወይም ሲጠመቅ ብቻ ሆነ። መንዝ ራሱ በዚህ አተራረክ ታሪክ የሚኖረው ክርስትና ሲገባበት ነው።

ከቤጂንግ የመጣ ትምህርት

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ከበደ ሚካኤል ስለ ጃፓን በሚጽፉበት ዘመን በጎረቤቷ ቻይና አንድ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ነበር። ሱ ቢንግቺ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1909 ተወልዶ በ1997 ያረፈ አርኪዮሎጂስት ነው። የአዲስ አበባው ክፍል በተቋቋመበት በዚያው በ1952 በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ትምህርት ሲጀመር በኃላፊነት ተመደበ።

በቻይናም ታሪክ አንድ ምንጭ ነበረው። ሥልጣኔ በቢጫ ወንዝ አካባቢ ተወልዶ ወደ ዳር አገር ፈሰሰ ይባል ነበር። ስዊድናዊው አንደርሰን በ1921 ያንግሻው በተባለ መንደር ባለ ቀለም የሸክላ ዕቃዎችን ካገኘ በኋላ ይህ እምነት ጸንቶ ቆየ። ሱ ቢንግቺ ግን ሸክላውን በትዕግሥት መደርደር ያዘ። ሦስት እግር ያለውን ማብሰያ፣ የእንስራውን አንገት፣ የጌጡን ቅርጽ አንድ በአንድ አነጻጸረ። በ1965 የያንግሻው ባህል ራሱ በየአካባቢው የተለያየ መልክና የራሱ ዕድገት እንዳለው አሳየ። በ1981 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ጥንታዊት ቻይናን በ6 ታላላቅ የባህል ቀጠናዎች ከፈላት። እያንዳንዱ ቀጠና በራሱ መንገድ አድጓል፤ እርስ በርስም ተወራርሷል።

ከዚያ በኋላ የወጣው ግኝት ሐሳቡን አጠናከረለት። በ1983 በሰሜን ምሥራቅ ኒውኼሊያንግ የተባለው ቦታ ቤተ መቅደስ ተገኘ። በ1986 በሲቹዋን ሳንሺንግዱይ ዓይናቸው የፈጠጠ የነሐስ ጭምብሎች ወጡ። የታችኛው ያንግዚ ባህል የሆነው ሊያንግጁ በ2019 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ቻይና በዚህ አልተበታተነችም። ታሪኳ ከአንድ ወንዝ ይልቅ የብዙ ወንዞች ሆነ እንጂ።

ሻይ፦ የወንዝና የባህል ስም

ከበደ ሚካኤል በ1964 (እ.ኤ.አ.) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተቀበሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን የዚያ ዘመን ክብር አብሮ ሄደ፤ ከአደባባይ ርቀው በዝምታ ኖሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም. አረፉ።

ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ወደ መንዝ ወጡ። መሻላ ማርያምን በመሳሰሉ ቦታዎች የቆሙት የድንጋይና የአፈር ጉብታዎች መቃብር ሆነው ተገኙ። ተመሳሳይ መቃብሮች በዙሪያው ባለው ደጋ ሁሉ ወጡ። አንዳንዶቹ መተላለፊያና ክፍል ያላቸው የድንጋይ ሕንፃዎች ናቸው፤ አንድ ትውልድ ከሌላው በኋላ እየተከፈቱ ብዙ ሰው ተቀብሮባቸዋል። ከሙታኑ ጋር የተለሰኑ ጥቁር የሸክላ ዕቃዎች፣ የብረት መሣሪያዎች፣ ጌጣጌጥና ከባሕር ማዶ የመጡ የመስታወት ዶቃዎች ተቀምጠዋል። ባህሉ በመንዝ በሚፈሰው ወንዝ ስም ሻይ ተባለ። ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም፤ የዚያ ስም እንኳን ከቻይና ነው። የፎቬልና የፑዋሶኒዬ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ መልክ ወጣ።

ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ላሊበላ ሲነግሥ፣ ይፋት ላይ የሙስሊም ሱልጣኔት ሲቆም እነዚህ ሰዎች በደጋቸው ነበሩ። ክርስቲያንም ሙስሊምም አልነበሩም፤ የሁለቱም ሥርዓት ሙታንን ከነንብረታቸው አይቀብርም። ድሆችና ከዓለም የተገለሉም አልነበሩም። ዶቃው የቀይ ባሕር ንግድ እስከ መንዝ ገደል ድረስ ይደርስ እንደነበር ይመሰክራል። በመቃብሩ ውስጥ ባለጸጎችና ባለሥልጣኖች አሉ። ጽሑፍ ስላልተዉ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም አልደረሰንም። የክርስቲያኑ መንግሥትና የእስልምና መስፋፋት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲገናኙባቸው ባህላቸው አከተመ። በዚያ ክፍለ ዘመን የነገሠውን አምደ ጽዮንን ሁላችንም እናውቃለን፤ በመንገዱ ላይ የነበሩትን ግን አናውቃቸውም ነበር።

መንዝ ብቻውን አይደለም። የሶዶ ትክል ድንጋዮች ጢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹ ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በጨርጨር ተራሮች ከመንዝ ጋር የሚቀራረቡ የጥንት መቃብሮች ተጠንተዋል። እነዚህን በአንድ ካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሱ ቢንግቺን ቻይና የመሰለች፣ ብዙ ቀጠና ያላት ኢትዮጵያን ያያል። የአክሱም ታላቅነት በዚህ አይቀንስም። ጎረቤቶች እንደነበሩት እንረዳለን እንጂ።

ከበደ ሚካኤል ይህንን አላዩም። ቢያዩት ምን እንደሚሉ መገመት የእኛ ሥራ አይደለም። ለልጆች ግን ብዙ ጽፈዋል። ዛሬ በገርም ገብርኤል የሚማር ልጅ ስለ አክሱም ያውቃል፤ ማወቅም ይገባዋል። ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ግን ለእሱ የድንጋይ ክምር ነው። ገበሬው ማሳ ሲያሰፋ ያፈርሰዋል፣ አጥር ሲያጥር ድንጋዩን ይወስዳል፤ ምን እንደሆነ የነገረው የለምና ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አንድ ጊዜ የፈረሰ መቃብር ደግሞ ተመልሶ አይነበብም። የአካባቢው ታሪክ በአካባቢው ትምህርት ቤት እስኪገባ፣ ጉብታዎቹም ተመዝግበው ጠባቂ እስኪያገኙ ድረስ፣ ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ የተጻፉት ጥናቶች የሚደርሱት ለእኛ ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ከበደ ሚካኤል ሙሉ ዕድሜያቸውን የሠሩት ከውጭ ቋንቋ ያገኙትን ዕውቀት ለአማርኛ አንባቢ ማድረስ ነበር። ለመንዝ ያንን የሚያደርግ ሰው አሁንም ይፈለጋል።